ሌንሱን ከኋላው ጀምራችሁ እዩት፦ ለድሮ ሬንጅፋይንደር ካሜራ ብርቅዬ ሌንስ አሰባሰብ

ሌንስ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊቱ ላይ በተቀረጸው ስም ላይ ነው። ዙኖ፣ አንዠኒዩ፣ ሽታይንሃይል፣ ዳልማየር። ስሞቹ ያጓጓሉ። ሻጭም አብዝቶ የሚያወራው ስለ ስሙ ነው። እኔ ግን ሌንሱን ገልብጡት እላለሁ። ካሜራችሁ ላይ በትክክል ይቀመጣል? ከካሜራው ርቀት መለኪያ ጋር ይግባባል? ብርሃን በንጹሕ ያሳልፋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ጀርባው ነው። ስሙን በስተመጨረሻ እንደርስበታለን።

ሬንጅፋይንደር ማለት በተለየ መስኮት ሁለት ምስሎችን በማገጣጠም ፎከስ የሚደረግበት ካሜራ ነው። እዚህ የማወራው ስለ አንድ ትልቅ የሌንስ ቤተሰብ ነው። እነሱም በ39 ሚሊሜትር ጥርስ የሚጠመዘዙ፣ ለጀርመኑ የድሮ ላይካና ለአምሳያዎቹ የተሠሩ፣ ግን የላይካ ሠሪው ላይትዝ ራሱ ያልሠራቸው ሌንሶች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ፣ ምክንያቱም ብርቅነቱ የመጣው ከዚያ ነው። ላይትዝ የላይካን መግጠሚያ በ1931 አንድ ወጥ አደረገው። ከዚያ በፊት ሌንስ የሚስተካከለው ለየካሜራው ነበር። በ1932 ላይካ 2 መጣ፤ ርቀት መለኪያው ከሌንሱ ጋር ተያይዞ መሥራት ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ፓተንቶች ለሌሎች ክፍት ሆኑ። እንግሊዝ ውስጥ ሪድ፣ ጃፓን ውስጥ ካኖን፣ ኒካና ሊዮታክስ፣ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ዞርኪ በዚያው ጥርስ ካሜራ አወጡ። ሌላው የሶቭየት ካሜራ ፌድ እንዲያውም ከጦርነቱ በፊት በ1934 ጀምሯል። ካሜራው ሲበዛ ሌንስ ሠሪውም በዛ። ቀጥሎ በ1954 ላይካ ኤም 3 አዲስ መግጠሚያ ይዞ ብቅ አለ። በ1959 ደግሞ ኒኮን ኤፍ መጣና የገበያው ልብ በራሱ በሌንሱ ውስጥ ወደሚታይበት ወደ ሪፍሌክስ ካሜራ ዞረ። በ39 ጥርስ የሚሠራው ሌንስ እየቀነሰ ሄደ። ዛሬ የምናሳድዳቸው ሌንሶች አብዛኞቹ በዚያ አጭር ዘመን የተወለዱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ 39 ሚሜ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ እወቁ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ሌንሱ ጥርሱን ይዞ ጥብቅ ብሎ ይገባል። ሰውየው ደስ ይለዋል። ፊልሙ ሲታጠብ ግን ሁሉም ነገር ጭጋግ ነው።

ወሳኙ ቁጥር 28.8 ሚሜ ነው። የሌንሱ መቀመጫ ከፊልሙ ያለው ርቀት ማለት ነው። በተመሳሳይ 39 ሚሜ ጥርስ የተሠሩ፣ ርቀታቸው ግን የተለየ ሌንሶች አሉ። የጥንቶቹ ዜኒት ሪፍሌክስ ካሜራዎች በ39 ጥርስ ይሠሩ ነበር፣ ርቀታቸው ግን 45.2 ሚሜ ነው። የጀርመኑ ብራውን ፓክሴት ደግሞ 44 ሚሜ ነው። ለፓክሴት የተሠራ ሌንስ ላይካ ላይ ይገባል፣ ያምራል፣ ግን ምንም ነገር ጥርት አያደርግም። ሦስተኛው ወጥመድ የፎቶ ማጠቢያ ቤት ማጉያ ሌንስ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ 39 ጥርስ አለው። የሚለየው ፎከስ የሚያደርግ ተሽከርካሪ ቀለበት ስለሌለው ነው።

ስለዚህ ሻጭ "ኤም 39 ነው" (39 ጥርስ ማለቱ ነው) ሲላችሁ አትርኩ። "ለየትኛው ካሜራ የተሠራ ነው? ርቀት መለኪያ የሚገፋ ቀለበት ከኋላው አለው?" በሉት። ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ካልቻለ የጀርባውን ፎቶ ይላክላችሁ።

ኮንታክስና ኒኮን ኤስ የሚባሉት ሌሎች ሬንጅፋይንደሮች መግጠሚያ ሌላ ዓለም ነው። ሁለቱ ቢመሳሰሉም በረጃጅም ሌንሶች ላይ ፎከሳቸው አይገጥምም። ለጀማሪ አንድ መግጠሚያ ይዞ መቆየት ይሻላል፣ ያውም 39 ጥርሱን። አንድ ስስ አዳፕተር ብቻ ጨምራችሁ ከኤም 3 ጀምሮ በመጡት ኤም ላይካዎች ላይም ትጠቀሙበታላችሁ። የኤም መቀመጫ 27.8 ሚሜ ስለሆነ አዳፕተሩ ልክ አንድ ሚሊሜትር መሆን አለበት። ርካሽ አዳፕተሮች ከዚህ ትንሽ ይስታሉ። ትንሽ መሳት ደግሞ እዚህ ትንሽ አይደለም፤ ሩቁን ተራራ ያደበዝዘዋል።

ደረጃ 2፦ ምን ዓይነት ብርቅ እንደምትፈልጉ ወስኑ

ብርቅ የሚባለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

አንደኛው ሲወጣም ውድ የነበረና ጥቂት የተሠራ ነው። በ1950ዎቹ ጃፓኖች ጨለማ ውስጥ የሚያይ ሌንስ ለመሥራት እሽቅድምድም ገጠሙ። ዙኖ 50 ሚሜ ኤፍ 1.1 በ1953 ወጣ (50 ሚሜ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ነው፤ ኤፍ 1.1 የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ፣ የአፐርቸሩ፣ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይገባል)። ፉጂኖን 50 ሚሜ ኤፍ 1.2 በ1954 ተከተለ። ሄክሳኖን 60 ሚሜ ኤፍ 1.2 እና ኒኮር 50 ሚሜ ኤፍ 1.1 በ1956 መጡ። ከእነዚህ መካከል በ39 ጥርስ የወጡት ዛሬ ዋጋቸው አይቀመስም። ብዙ ሺህ ዶላር ነው የሚጠየቅባቸው። ጀማሪ ሰው እዚህ ባይነካ እመርጣለሁ። ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር አጭበርባሪውም ይበዛል።

ሁለተኛው በጊዜው ፈላጊ ስላልነበረው የጠፋ ነው። ኤፍ 4.5 ብቻ የሚከፈት 135 ሚሜ፣ ብርሃን በጥቂቱ የሚያስገባ 35 ሚሜ የመሳሰሉት። ሽታይንሃይል ከሙኒክ፣ ሻኽት ከኡልም፣ ኮሙራና ክዮኤይ ከጃፓን እንዲህ ያሉ ሌንሶችን በ39 ጥርስ ሠርተዋል። የኮሙራ 135 ሚሜ ኤፍ 3.5፣ የክዮኤይ ሱፐር አኮል፣ የሽታይንሃይል ኩልሚናር 85 ሚሜ ኤፍ 2.8 ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አሠራራቸው ጠንካራ ነው። የሚያወጡት ምስልም የራሱ ጠባይ አለው። ዋጋቸው ደግሞ ሰው የሚችለው ነው። ለእኔ የዚህ ሥራ ጣዕም ያለው እዚህ ነው።

ሦስተኛው ሌንሱ በሌላ መግጠሚያ በየቦታው እየተገኘ በ39 ጥርስ ግን ጥቂት የተሠራ ነው። አንዳንድ ሻጮች ልዩነቱን አያውቁትም። ጥሩ ዕድል የሚገኘውም ከእነሱ ዘንድ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንድ መስመር ያዙ። "የጃፓን 135ቶች"፣ "የጀርመን 85ና 90ዎች"፣ "የእንግሊዝ ሌንሶች" እንደማለት። ሁሉንም የሚያሳድድ ሰው ስለ አንዱም ጠልቆ አያውቅም። አንድ መስመር የያዘ ሰው ግን በጥቂት ወራት ከሻጩ በላይ ያውቃል።

ደረጃ 3፦ ጀርባውን አንብቡ

አሁን ሌንሱ እጃችሁ ላይ ነው እንበል። የኋላ ክዳኑን ክፈቱ።

መጀመሪያ የኋላውን ቀለበት እዩ። ሬንጅፋይንደር ካሜራ ውስጥ አንድ ትንሽ ክንድ አለች። ክንዷ ጫፍ ላይ ሮለር አለ። ሌንሱ ሲጠመዘዝ የኋላው ቀለበት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ሮለሩንም ይገፋል። በዚህ ነው መስኮቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ምስሎች የሚገጥሙት። እንግዲህ ያ ቀለበት ከተላጠ፣ ከተጎረደ ወይም አንድ ሰው በሞረድ ከነካው ሌንሱ ይዋሻል። ጣታችሁን ዙሪያውን በቀስታ አዙሩበት። ለስላሳ መሆን አለበት። የሞረድ ጭረት ካያችሁ "ለማን ካሜራ ተብሎ ነው የተሞረደው?" ብላችሁ ጠይቁ። የቀድሞ ባለቤቱ ለራሱ ካሜራ አስተካክሎት ይሆናል። የእናንተ ካሜራ ግን ሌላ ነው።

አንዳንድ ሌንሶች ሙሉ ቀለበት የላቸውም። ከኋላ የወጣች አንዲት ምላስ ብቻ ናት ያለቻቸው። በላይካ ሮለር ላይ ይህ ችግር የለውም። የፌድና የዞርኪ ክንድ ግን ጫፉ ክብ ሮለር ሳይሆን እንደ ሽብልቅ ሾል ያለ ነው። ምላሷን ሊስታት ይችላል። ሶቭየት ካሜራ ካላችሁ ሙሉ ቀለበት ያለው ሌንስ ምረጡ። ደግሞ ይቺን ክንድ ሌላ ጊዜም ትፈልጓታላችሁ። "ላይካ" ተብሎ የሚሸጥ፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ ወይም የጦር ሠራዊት ምልክት የተለጠፈበት ካሜራ ሲያጋጥማችሁ ሌንሱን ፈታችሁ ወደ ውስጥ እዩ። ሽብልቅ ካለ ዞርኪ ወይም ፌድ ነው። ስሙ የፈለገውን ቢል።

ቀጥሎ የኋላው መስታወት ምን ያህል እንደወጣ እዩ። የሶቭየቱ ጁፒተር 12፣ 35 ሚሜ ኤፍ 2.8፣ መስታወቱ በጣም ወደ ኋላ ይወጣል። የመጀመሪያው ዙኖ ኤፍ 1.1 ደግሞ ጀርባው ላይ ኳስ የመሰለ መስታወት አለው። እንዲህ ያለ ሌንስ ያለ ኋላ ክዳን ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ይጫራል። ካሜራ ውስጥም ብርሃን መለኪያ ወይም ሌላ ነገር ሊነካ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሌንስ ስትገጥሙ በቀስታ ጠምዝዙት። ግጭት ከተሰማችሁ እዚያው አቁሙ።

ስለ ሶቭየት ሌንሶች አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሰው በብዛት የሚሰናከልበት ስለሆነ። የላይካ ርቀት መለኪያ የተሰላው ለ51.6 ሚሜ ሌንስ ነው። የጁፒተር 3 እና የጁፒተር 8 ሥር ግን የጀርመኑ የዛይስ ዞናር ሌንስ ነው፣ ልኩም የዛይስ ካሜራ የኮንታክስ 52.4 ሚሜ ነው። ሩቅ ላይ ሁለቱ ይስማማሉ። ወደ አንድ ሜትር ስትጠጉና አፐርቸሩን ሙሉ ስትከፍቱ ግን ፎከሱ ከሰውየው ዓይን አልፎ ጆሮው ላይ ያርፋል። ይህ የሌንሱ ብልሽት አይደለም። ለሌላ ልክ ስለተሠራ ነው። ዞርኪ ላይ ስትገጥሙት ደህና ሆኖ ላይካ ላይ ሲስት ያየ ሰው "ተበላሽቷል" ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። እናንተ ግዙት። ኤፍ 4 ላይ ዝጉትና ተጠቀሙበት፣ ወይም ለባለሙያ ሰጥታችሁ በስስ የብረት ቀለበት አስተካክሉት።

ደረጃ 4፦ በእጅ ባትሪ መስታወቱን መርምሩ

ትንሽ፣ ጠንካራ ብርሃን ያላት የእጅ ባትሪ ያዙ። የስልክ መብራትም ይሆናል። አፐርቸሩን ሙሉ ክፈቱ። ሌንሱን ወደ ጨለማ ግድግዳ አዙሩና ብርሃኑን ከኋላ በሰያፍ አብሩበት። ቀጥ አድርጋችሁ ካበራችሁ ሁሉም ሌንስ ንጹሕ ይመስላል። በሰያፍ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ምን ታያላችሁ? አቧራ ታያላችሁ። አቧራ ምንም አይደለም፣ እርሱት። ቀጫጭን፣ እንደ ፀጉር የሚመሳሰሉ ጭረቶች ከፊት መስታወቱ ላይ ይኖራሉ። መስታወቱ ላይ የሚቀባው የድሮ ሽፋን ለስላሳ ስለነበር በሸሚዝ ጫፍ የተጠረገ ሌንስ ሁሉ አለው። ጥቂት ከሆነ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። እንደ ሸረሪት ድር ቅርንጫፍ ያወጣ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ገና ጥቂት ከሆነ ይጸዳል። ሥር ሰዶ መስታወቱን ከበላ ግን ከጸዳም በኋላ ጠባሳው ይቀራል።

በጣም የምፈራው ጉሙን ነው። መስታወቱ ላይ ስስ ወተት የተቀባ ይመስላል። ከውስጥ ከግራሶ የሚነሳ ትነት ሲሆን ብዙ ጊዜ አፐርቸሩ አጠገብ ባለው መስታወት ላይ ይቀመጣል። አንዳንዱ በቀላሉ ይጠረጋል። አንዳንዱ ግን መስታወቱን ራሱን በልቶታል። የካኖን 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 እና ኤፍ 1.2 በዚህ ይታወቃሉ። ከውጭ አዲስ የሚመስል ካኖን በባትሪ ስታዩት እንደ ክረምት ጠዋት የአዲስ አበባ ሰማይ ይሆናል። ሻጩ "ትንሽ ጉም አለው፣ ይጸዳል" ካለ ቀላል መልስ አለ፦ "አጽዱትና ዋጋውን ያኔ እንነጋገር።"

መስታወቶቹ እርስ በርስ የተጣበቁበት ሙጫም ያረጃል። ዳር ዳሩን ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ወይም የአረፋ ቅርጽ ካያችሁ ሙጫው እየለቀቀ ነው። ይህን መጠገን የሚችለው ባለሙያ ነው፣ ውድም ነው። ሌንሱ እጅግ ብርቅ ካልሆነ ተዉት።

ቢጫ ቀለም ግን አያስደንግጣችሁ። ከጦርነቱ በኋላ ከተሠሩ ሌንሶች አንዳንዶቹ ቶሪየም የተቀላቀለበት መስታወት አላቸው። እነሱ በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናሉ። መስኮት ላይ ፀሐይ ላይ ለብዙ ቀናት ቢቆዩ ቢጫው ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ ስታስቀምጡ ግን ሌንሱ ብርሃን ሰብስቦ መጋረጃ እንዳያቃጥል ከጀርባው ክዳን አድርጉ።

ደረጃ 5፦ ጠምዝዙት፣ ዝጉት፣ ክፈቱት

የፎከስ ቀለበቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ዓይነት ክብደት መዞር አለበት። መሐል ላይ ከከበደ ወድቆ ያውቃል ማለት ነው። ሙሉ ለሙሉ የደረቀ ግራሶ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፣ በአገልግሎት ይስተካከላል። ቀለበቱን ሳታዞሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትነቀንቁት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ጥርሱ አልቋል።

የአፐርቸሩ ምላጮች ላይ ዘይት ማየት በእንደዚህ ያለ ሌንስ ብዙ አያስፈራም። አፐርቸሩ በእጅ የሚዞር ስለሆነ ዘይቱ አያዘገየውም። ዘይቱ ሲተን ግን ያ የፈራሁት ጉም ይሆናል።

ከውጭ የቪቴዎቹን አናት እዩ። የተላጠ ቪቴ ካለ አንድ ሰው በማይሆን ካቻቢቴ ከፍቶታል። ከፍቶ ምን እንዳደረገ አታውቁም።

ደረጃ 6፦ አሁን ስሙን አንብቡ

የሐሰት ሌንስ ገበያ ያረጀ ነው። ብዙ የሚሠራው ከሶቭየት ሌንስ ነው፣ ምክንያቱም ርካሽ ነው፣ መልኩም ከጀርመኑ ይመሳሰላል። ጁፒተር 3 ፊቱ ተፍቆ "ካርል ዛይስ የና ዞናር 1.5" ተብሎ ይቀረጽበታል። ሌላው የሶቭየት ሌንስ ኢንዱስታር 22 ደግሞ "ላይትዝ ኤልማር" ይሆናል። በጦርነቱ ዓመታት በ39 ጥርስ የተሠራ እውነተኛ ዞናር አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ገበያ ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ጋር አይመጣጠንም።

እንዴት ትለያላችሁ? ፊደሉን በማጉያ መነጽር እዩ። የፋብሪካ ቅርጽ ጥልቀቱ እኩል ነው፣ ቀለሙም ከጉድጓዱ አይፈስም። የሐሰቱ ፊደል ዳሩ ሻካራ ነው፣ ቁጥሮቹም ክፍተታቸው ይዛነፋል። ከዚያ ዘመኑንና መስታወቱን አስተያዩ። ተራ ቁጥሩ 1930ዎቹ ነው እያለ መስታወቱ ሐምራዊ ሽፋን ካለው ጠርጥሩ። ሽፋን በኋላ ሊጨመር ስለሚችል ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። የፎከሱን ቁጥሮች፣ የቀለበቱን ጥርሶች፣ የአፐርቸሩን ምልክት ከእውነተኛ ጁፒተር ፎቶ ጎን አድርጋችሁ አመሳስሉ። ሐሰተኛው ስሙን ይለውጣል እንጂ ሰውነቱን መለወጥ ይከብደዋል።

በሶቭየት ሌንሶች ላይ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተራ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመት ናቸው። 58 ብሎ የሚጀምር በ1958 የተሠራ ነው። ቀደም ያሉት ጁፒተሮች ይበልጥ ይፈለጋሉ። ከጦርነቱ በኋላ ከዛይስ ከተማ ከየና በተወሰደ ማሽንና መስታወት የተጀመረ ሥራ ስለሆነ ሰብሳቢዎች ለእነሱ ልዩ ፍቅር አላቸው።

ደረጃ 7፦ የት እንደምትፈልጉ

ከቤት ጀምሩ። በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ሄዶ የተማረ አጎት፣ አክስት ወይም የቤተሰብ ወዳጅ ካላችሁ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለችውን የቆዳ ቦርሳ ጠይቁ። "ጋሼ፣ ያቺ የተማሪነት ካሜራዎ አለች?" ብላችሁ ጀምሩ። ዜኒት ከሆነች ርቀቷ ሌላ ስለሆነ ሌንሷ አይሆንም። ፌድ ወይም ዞርኪ ከሆነች ግን ሌንሷን ፈታችሁ ጀርባዋን እዩ። ደግሞ ታሪኩንም ጠይቁና ጻፉት። ከሰው እጅ የተቀበላችሁት ሌንስ ከነታሪኩ ሲሆን ዋጋው ሌላ ነው።

ውጭ ላላችሁ መንገዱ ይሰፋል። ፈረንሳይ ያላችሁ ከፓሪስ አጠገብ ቢየቭር የሚባለው መንደር በየዓመቱ ትልቅ የፎቶ ዕቃ ገበያ ያደርጋል። እስራኤል ያላችሁ የጃፋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ አትለፉ። በ1990ዎቹ ከቀድሞ ሶቭየት ኅብረት ብዙ ሕዝብ ወደ አገሩ ገብቷል፣ የሰው ዕቃ ደግሞ ከሰው ጋር ይጓዛል። አሜሪካ ያላችሁ የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ጠዋት በጊዜ ድረሱ። ለጃፓን ሌንሶች ግን ከቶኪዮ የሚስተካከል የለም። የሺንጁኩና የጊንዛ አሮጌ ካሜራ ሱቆች የዕቃውን ሁኔታ በዝርዝር ይጽፋሉ። "ጉም አለ" ብለው ከጻፉ አለ።

በሩቅ ስትገዙ አምስት ፎቶ ጠይቁ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ የኋላውን ቀለበት ከጎን፣ በባትሪ የተበራ መስታወቱን፣ ቪቴዎቹን። "አልተፈተሸም" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ተፈትሾ የወደቀ ነው ብላችሁ ዋጋ ስጡ። መመለስ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ያንን አደጋ ከዋጋው ላይ ቀንሱ። ወደ አገር ቤት የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ሌንሱ በእጅ ሻንጣ ይምጣ፣ ደረሰኙም አብሮት ይኑር። የጉምሩክ ጥያቄ ሲመጣ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ዋጋውን ሌላ ሰው ነው የሚተምንላችሁ።

ከሌንሱ ጋር የሚሄደውን ነገርም ጠይቁ። የፊት ክዳን፣ የኋላ ክዳን፣ የፀሐይ መከላከያ። 35ም ሆነ 135 ሚሜ ከሆነ ብዙ ጊዜ የራሱ ቪውፋይንደር (ማያ መስኮት) ያስፈልገዋል፣ ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ። አንዳንዴ ያ ቪውፋይንደር ለብቻው ከሌንሱ በላይ ያወጣል።

ደረጃ 8፦ ፈትሹት፣ በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ካሜራውን ፈትሹ። ትክክለኛነቱን የምታውቁት ሌንስ ግጠሙና ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ነገር ላይ አነጣጥሩ። አዲስ አበባ ላለ ሰው የእንጦጦ ጫፍ ላይ ያለ ማማ ጥሩ ነው። ሌንሱ ኢንፊኒቲ (የሩቁ ጫፍ) ላይ ሲቆም ሁለቱ ምስሎች አንድ ካልሆኑ ካሜራው ራሱ መስተካከል አለበት። ለአንድ አዲስ ሌንስ ብላችሁ ካሜራውን በፍጹም አትነካኩ። አንዱን አስተካክላችሁ ሌሎቹን ሁሉ ታበላሻላችሁ።

ቀጥሎ አዲሱን ሌንስ ግጠሙ። የፌድ 2፣ የዞርኪ 4 ወይም የካኖን 7 ዓይነት ጀርባው የሚከፈት ካሜራ ካላችሁ ፊልም ሳታባክኑ መፈተሽ ትችላላችሁ። ጀርባውን ክፈቱ። ፊልሙ በሚያልፍበት ሐዲድ ላይ የማያንጸባርቅ ስኮች ወጠር አድርጋችሁ ለጥፉ። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጉ፣ መዝጊያውን "ቢ" ላይ ከፍታችሁ ያዙት። ዞርኪ 4 ከሆነ ፍጥነቱን የምትቀይሩት የፊልም ማሳለፊያውን ከጠመዘዛችሁ በኋላ ብቻ ይሁን፣ አለዚያ ውስጡን ትሰብሩታላችሁ። አንድ ማስመሪያ ዜሮው ወደ ካሜራው ሆኖ አንድ ሜትር ርቀት ላይ በሰያፍ አስቀምጡ። መሐሉ ላይ ባለው ቁጥር በርቀት መለኪያው ፎከስ አድርጉ። ከዚያ ስኮቹ ላይ ያለውን ምስል በማጉያ እዩ። 15ኛው ሴንቲሜትር ላይ አነጣጥራችሁ 17ኛው ከጠራ ሌንሱ ወደ ኋላ ይስታል። ይህን በሦስት ሜትርና በሩቅ ድገሙት። ሁሉም ላይ በአንድ አቅጣጫ ከሳተ በስስ ቀለበት ይስተካከላል። ሩቅ ላይ ልክ ሆኖ ቅርብ ላይ ብቻ ከሳተ ቅድም ያልኩት የልክ ልዩነት ነው።

ሪፍሌክስ ያልሆነ ዘመናዊ ዲጂታል ካሜራ ካላችሁ በአዳፕተር ግጠሙትና የመስታወቱን ጥራት እዩበት። ማዕከሉ ጠርቶ አንዱ ጥግ ብቻ የሚደበዝዝ ከሆነ አንዱ መስታወት ተንጋዷል። ዲጂታሉ ግን ስለ ኋላው ቀለበት ምንም አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ፎከሱን የምታዩት በቀጥታ በመስታወቱ ነው። እዚያ ግሩም የሆነ ሌንስ ላይካ ላይ ሊስት ይችላል። ሁለቱንም ፈተና ያላለፈ ሌንስ "ደህና ነው" አይባልም።

ደረጃ 9፦ አቀማመጥ

የቆዳ ቦርሳው ያምራል። ሌንሱን ግን እዚያ ውስጥ አታስቀምጡ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበት ሻጋታ ይወልዳል። ቦርሳውን ለብቻ፣ ሌንሱን ለብቻ።

አዲስ አበባ ላይ ዋናው ጠላት ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሌንሶቹ በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይሁኑ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን የሲሊካ ከረጢቶች ጨምሩበት። ትንንሽ የእርጥበት መለኪያዎች ርካሽ ናቸው። ከ40 እስከ 50 በመቶ መሐል ካለ ደህና ነው። ዱባይ ወይም ጅዳ ያላችሁ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። ኤሲ ካለበት ክፍል ይዛችሁ ወደ ውጭው ሙቀት ስትወጡ ሌንሱ ላይ ውኃ ይቋጥራል። ከመውጣታችሁ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሉት፣ ሙቀቱን ቀስ ብሎ እስኪለምድ አትክፈቱት።

ሻጋታ ያለበትን ሌንስ ከንጹሕ ሌንስ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡ። ተጠግኖ እስኪመጣ ድረስ ለብቻው ይቆይ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም አውጥታችሁ ቀለበቶቻቸውን አዙሩ፣ ፎቶም አንሱባቸው። የተቀመጠ ሌንስ ግራሶው ይደርቃል።

ደረጃ 10፦ መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ሌንስ አንድ ገጽ ይኑረው። ስሙ፣ ተራ ቁጥሩ፣ የተገዛበት ቦታና ዋጋ፣ ከማን እንደመጣ፣ በባትሪ ሲታይ የነበረው ሁኔታ ከነፎቶው። ከሁሉም በላይ ግን የፈተናውን ውጤት ጻፉ። "በአንድ ሜትር፣ ኤፍ 2 ላይ፣ ሁለት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይስታል" ብላችሁ አስፍሩ። ይህንኑ በአጭሩ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ የኋላ ክዳኑ ጀርባ ላይ ለጥፉ። ሌንሱን ስታወጡ ስህተቱን ታውቁታላችሁ፣ በልምድ ታርሙታላችሁ። አንድ ቀን ብትሸጡትም ገዢው ጀርባውን ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ መልሱን እዚያው ያገኛል።